የወይዘሮ ሮዝ ኬኔዲ ረጅም ዕድሜና እምነት

(በመረዳጃ እድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በእድሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ባለፈው ወር ያከራከረንን ጉዳይ ሁላችሁም የምታስታውሱት ነው። ከሌላ እምነት ሰው ጋር ተጋብታ ከቤት የወጣች የአንድ ጎረቤታችን ልጅ አረፈችና ለቀብር ሄድን። ከአባሎቻችን ጥቂቶቹ ግን ከመካነ መቃብሩ አጥር ውጪ ቆመው ቀሩ። ስም ጥሪ ሲደረግ «አለን» አሉ። እኔም «ተገኝተዋል» ብዬ ልጻፍ ወይስ «ቀሪ» ብዬ ልመዝግብ፣ ግራ ገብቶኝ ብዕሬን እንደያዝኩ ቀረሁ። የእድራችን ዳኛም «እስቲ ለሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ነገር አዘጋጅና ተናገር» ብለው አዘዙኝ።

እኔ ሰባኪ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። በሃይማኖት ክርክር ውስጥ እጄን ባስገባ ደግሞ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ካቶሊኩም፣ ጴንጤውም አይምረኝም። ስለዚህ ስለ አንዲት የሩቅ አገር እናት ልንገራችሁ ብዬ ነው የመጣሁት።

እኚህ እናት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ እናት፣ ወይዘሮ ሮዝ ፊትዝጄራልድ ኬኔዲ ናቸው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የኬኔዲን ፎቶግራፍ ከጋዜጣ ቆርጣ ግድግዳ ላይ ለጥፋ ነበር። ልጅ ሆኜ «ይኼ ሰውዬ ማነው?» ብዬ ስጠይቃት «እኔን የምታሳዝነኝስ እናቱ ናት» ትለኝ ነበር። ያን ጊዜ አልገባኝም። በቅርቡ ልጄ ከእንግሊዝኛ እያነበበች ስትተረጉምልኝ ነው ነገሩ የገባኝ። የምጠራቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ «በእኛ» እላለሁ።

ወይዘሮ ሮዝ የተወለዱት በቦስተን ከተማ ጁላይ 22 ቀን 1890 ነው። ዓፄ ምኒልክ ዘውድ ከጫኑ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር ማለት ነው። ቤተ ሰባቸው ከአየርላንድ የፈለሰ ካቶሊክ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን በቦስተን የአየርላንድ ካቶሊክ ማለት ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ሰው ነበር። ይሁንና አባታቸው በፖለቲካ በርትተው የከተማው ከንቲባ ለመሆን በቁ። ልጅቱ ዌልስሊ የሚባል ኮሌጅ ለመግባት ብትመኝም አባትዬው ከለከሉና ወደ ካቶሊክ ሲስተሮች ትምህርት ቤት ላኳት፤ ሆላንድ ድረስ ሄዳም በዚያው ዓይነት ትምህርት ቤት ተቀመጠች። ኮሌጁ መቅረቱ ሲያንገበግባቸው ኖሯል፤ ዕድሜ ልካቸውን የያዙትን የጸሎት ሥርዓት ያገኙት ግን ከእነዚያ ሲስተሮች ዘንድ ነው።

በ1914 ጆሴፍ ኬኔዲ የተባለውን ሰው አገቡ። ሰውዬው በኋላ እጅግ ሀብታም ሆነ፤ በእንግሊዝ የአሜሪካ አምባሳደርም ሆኖ ሠርቷል። በትዳሩ ታማኝ እንዳልነበረ ብዙ ተጽፏል፤ እሱን እንለፈው። ከ1915 እስከ 1932 ድረስ ዘጠኝ ልጆች ወለዱ፤ አራት ወንዶችና አምስት ሴቶች።

አሁን የምነግራችሁን እኔ እንደ ጸሐፊ በጣም ነው የወደድኩት። ወይዘሮ ሮዝ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ካርድ ነበራቸው። የተወለደበት ቀን፣ የተከተበው ክትባት፣ የታመመው በሽታ፣ ክብደቱ፣ የጫማው ቁጥር፣ የክርስትና አባትና እናቱ፣ የመጀመሪያ ቁርባን የተቀበለበት ቀን፣ ሁሉም ይጻፋል። ዘጠኝ ልጅ መዝግቦ መያዝ ቀላል እንዳይመስላችሁ! እኔ የመዋጮ መዝገብ ይዤ እንኳ የማን ወር እንዳለፈ ይጠፋኛል። ምግብ ቤታቸው አጠገብ ደግሞ ልክ እንደዚህ እንደኛው ያለ ሰሌዳ ነበራቸው። ከጋዜጣ እየቆረጡ ይለጥፉበታል፤ ልጆቹም ያንን አንብበው ማዕድ ላይ ይወያዩበታል።

እምነታቸውም እንዲሁ በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነበር። በየማለዳው ቅዳሴ ይሄዳሉ። መቁጠሪያቸው ከእጃቸው አይለይም። ልጆቻቸውን ሽርሽር ሲያወጡ በአዘቦት ቀንም ቤተ ክርስቲያን ጎራ ያደርጓቸዋል፤ የእግዚአብሔር ቤት የእሑድ ብቻ አለመሆኑን እንዲያውቁ ብለው ነው። በ1951 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ የኮንቴሳ ማዕረግ ሰጧቸው። በተከታዩ ዓመት ጆን ለሴናተርነት ሲወዳደር እናትዬው ለሴቶች የሻይ ግብዣ እያደረጉ በየከተማው ዞሩለት፤ እኛ ቡና ጠርተን ጎረቤት እንደምንሰበስበው መሆኑ ነው። በ1960 ጆን በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያው ካቶሊክ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ከአገራችንም ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አለ። ኦክቶበር 1 ቀን 1963፣ በእኛ መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተን ገብተው ነበር። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ወይዘሮ ዣክሊን በዚያው ክረምት የተወለደ ሕፃን ሞቶባቸው ስለነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱን ጣቢያ ድረስ ሄደው ከተቀበሉ በኋላ ለዕረፍት ወደ ግሪክ አገር ሄዱ። በራት ግብዣው ላይ የእመቤትነቱን ቦታ ይዘው ንጉሠ ነገሥቱን ያስተናገዱት እንግዲህ እኚሁ የ73 ዓመት እናት ነበሩ።

ከዚያ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ፕሬዚዳንቱ የተገደሉት በእኛ ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ኅዳር የሚታጠንበት ቀን። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። እናቴ በማግስቱ ጠዋት፣ የሰፈሩ ጭስ ገና ሳይጠፋ፣ በሬዲዮ ሲነገር ሰማሁ ትል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ለቀብሩ ተመልሰው ሄዱ። ወይዘሮ ሮዝ መርዶውን የሰሙት በባሕር ዳር ቤታቸው ሆነው ነው። ባለቤታቸው ከ1961 ጀምሮ በስትሮክ ሰውነቱ አልታዘዝ ብሎት ተኝቶ ስለነበር፣ ያን ዕለት አልነገሩትም፤ ቴሌቪዥኑንም አጠፉበት። እኛም እኮ መርዶ በሌሊት አናረዳም፤ ንጋትን እንጠብቃለን። እነሱም በማግስቱ ነገሩት። እናትዬው በባሕሩ ዳርቻ አሸዋ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ ዋሉ።

ይህ ደግሞ የመጀመሪያው ሐዘናቸው አልነበረም። የበኩር ልጃቸው ጆሴፍ በ1944 በጦርነቱ ጊዜ የሚያበረው አውሮፕላን እንግሊዝ ሰማይ ላይ ፈንድቶ ሞቷል፤ ሬሳው እንኳ አልተገኘም። በ1968 ሮበርትን በጥይት መቱባቸው። ወይዘሮ ሮዝ ወሬውን በቴሌቪዥን ሰሙና ነጠላቸውን አደረጉ ልበል፣ እንደ ወትሮው ማለዳ ቅዳሴ ሄዱ። በማግስቱ ልጁ ሞተ። በተከታዩ ዓመት ባላቸውን ቀበሩ። ሰው ይህን ሁሉ እንዴት ይሸከማል? እኔ ድንኳን ስተክል ብዙ ለቀስተኛ አይቻለሁ። በሠልስቱ ተነሥቶ የሚሠራውን የሚያውቅ ሰውና የማያውቅ ሰው ይለያያሉ። ወይዘሮ ሮዝ ማለዳ ተነሥተው የሚሄዱበት ነበራቸው፤ በዚያ ቀን ፈልገው ያገኙት ሳይሆን ሃምሳ ዓመት የተመላለሱበት መንገድ ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ መልካሙን ነው። እዚህ ላይ ባቆም ግን ሸንግዬአችሁ መሄዴ ነው።

ሮዝሜሪ የምትባለው የመጀመሪያ ሴት ልጃቸው የተወለደችው በሴፕቴምበር 1918 ነው። ቦስተን በዚያን ጊዜ በኢንፍሉዌንዛ ታምሳ ነበር፤ ያው በሽታ እኛ ዘንድ ደርሶ የኅዳር በሽታ የተባለው ነው። ሐኪሙ እስኪደርስ ተብሎ ምጡ እንዲዘገይ መደረጉ ተጽፏል። ልጅቱ አእምሮዋ ዘገምተኛ ሆነች። እናትዬው ብዙ ደከሙላት። በ1941፣ በ23 ዓመቷ፣ አባቷ የአንጎል ቀዶ ሕክምና አስደረገባት፤ ለሚስቱም አላማከረም። ልጅቱ ከዚያ በኋላ መራመድም መናገርም ተሳናት። ዊስኮንሲን ውስጥ ሲስተሮች በሚያስተዳድሩት ቤት ተቀመጠች፤ እናቷም ብዙ ዓመት ሳይጠይቋት ቆዩ። ካርዷን በጥንቃቄ የያዙ እናት! ይህን ሳነብ ካርዱን አሰብኩ። አባቷ ከታመመ በኋላ ነው መጠየቅ የጀመሩት፤ ቤትም እየመጣች ትሰነብት ጀመር። ዩኒስ የተባለች እህቷ በ1968 የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ላለባቸው ሰዎች ስፔሻል ኦሊምፒክስን አቋቋመች። ወደ እኛ አገር የሰላም ጓድ መምህራንን የላከውን ድርጅት ይመራ የነበረው ሳርጀንት ሽራይቨርም የዚህችው የዩኒስ ባል ነው።

ሁለተኛዋ ካትሊን ናት፤ ዛሬ ለመናገር የተነሣሁትም በእሷ ምክንያት ነው። ካትሊን በ1944 አንድ የእንግሊዝ መኮንን አገባች። ሰውዬው የመስፍን ልጅ ነው፤ ሀብትም ክብርም አለው፤ ነገር ግን ፕሮቴስታንት ነው። ወይዘሮ ሮዝ ጋብቻውን አጥብቀው ተቃወሙ። ከቤተ ሰቡ በሠርጉ ላይ የተገኘው ታላቅ ወንድሟ ጆሴፍ ብቻ ነበር፤ እሱም በሦስት ወሩ ሞተ። ከዚያ ወር በኋላ ባሏ በጦር ሜዳ ወደቀ። ካትሊን ራሷ በሜይ 1948 በአውሮፕላን አደጋ ፈረንሳይ አገር ላይ አረፈች፤ ዕድሜዋ 28 ነበር። የባሏ ዘመዶች እንግሊዝ ወስደው በቤተ ሰባቸው መቃብር ቀበሯት። ከወገኖቿ በቀብሯ ላይ የቆመው አባቷ ብቻ ነው። እናትዬው አልሄዱም።

በየማለዳው ቅዳሴ የሚሄዱት እናት ለልጃቸው ቀብር አልሄዱም። ይህን ለልጄ ሁለት ጊዜ ደጋግመሽ አንብቢልኝ አልኳት። እኔ በእሳቸው ላይ ለመፍረድ አቅም የለኝም፤ አራት ልጅ የሞተባትን እናት ማን ይናገራል? ነገር ግን በእድር መዝገብ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ብዬ እጽፍ ነበር ብዬ አሰብኩ። በደስታው ጊዜ መጣላት አንድ ነገር ነው፤ በሠርግም መቅረት ይኖራል፤ የሠርግን ቂም ሌላ ቀን ይታረቁታል።

ወይዘሮ ሮዝ በ1984 በስትሮክ ተመቱና ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ነበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በእኛ 1977 ዓ.ም. በረሀቡ ጊዜ፣ የመጨረሻ ልጃቸው ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ አገራችን መጥተው የተጠለሉትን ወገኖች ጎብኝተዋል። እናትዬው ያረፉት ጃንዋሪ 22 ቀን 1995፣ በእኛ ጥር 14 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ በ104 ዓመታቸው ነው። ጸሎተ ፍትሐቱ የተደረገላቸው በዚያው ክርስትና በተነሡበት በቦስተኑ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ከባላቸው ጎን ተቀበሩ። ሮዝሜሪ በ2005 ስታርፍ ከወላጆቿ አጠገብ ተቀበረች። ጆንና ሮበርት በአርሊንግተን ናቸው። ካትሊን ግን እስከ ዛሬ እንግሊዝ አገር ነው ያለችው፤ ጆን ፕሬዚዳንት ሆኖ በ1963 ክረምት መቃብሯን ተሳልሞ ነበር።

የእኔ ንግግር ይኸው ነው። ከአጥር ውጪ የቆሙት አባላት ስም ፊት ለፊት ያለው ቦታ በመዝገቡ ላይ እስካሁን ባዶ ነው። የሟቿ እናት ዛሬ እዚሁ መካከላችን ተቀምጠዋል፤ አርባው የፊታችን እሑድ ነው። እሳቸው ድንኳን አልጠየቁም። ወንበርና ሰው ግን ያስፈልጋል፤ ወንበሩን የሚያወጡ አራት ወጣቶች ቅዳሜ ማታ ከ11 ሰዓት ጀምሮ በእድሩ ዕቃ ቤት እንዲገኙ እጠይቃለሁ።