ለማሽኑ እናበድር ወይስ ለሙያው?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብና ብድር ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ብየዳ ነው። "የእኛን ማኅበርና ብየዳን ምን አገናኛቸው?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገናኛቸው የቁጠባ ገንዘባችን ነው። ዘንድሮ ኮሚቴያችን ሦስት ማመልከቻዎች ደርሰውታል። አንዲት እናት፣ ደባርቅ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥሮ የሚበይደው ልጃቸው የራሱን ማሽን እንዲገዛ ብድር ጠይቀዋል። ሁለተኛዋ ሴት ልጃቸው በቴክኒክና ሙያ የብረታ ብረት ሥራ እስክትማር ድረስ የቤት ኪራይና የቀለብ ጠይቀዋል። ሦስተኛዋ ደግሞ ልጃቸው አዲስ አበባ ወርዶ ፋብሪካ ውስጥ የብየዳ ማሽን ኦፕሬተር ሆኖ እንዲቀጠር መሄጃና መቆያ ፈልገዋል።

በውይይታችን መካከል አንዲት አባል፣ "ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ሮቦት የሰውን ሥራ ሊወስዱ ነው እየተባለ፣ ገንዘባችንን ለሚጠፋ ሥራ እናበድራለን?" ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ስለነበር ማመልከቻዎቹን አቆይተን ነገሩን ስናጣራ ሰነበትን።

በመጀመሪያ፣ ሮቦት የብየዳ ሥራ ከጀመረ ቆይቷል። የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ሮቦት እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1969 ይኸው ድርጅት በኦሃዮ ግዛት ባለው የሎርድስታውን ፋብሪካው የመኪና አካል የሚበይዱ ሮቦቶች አስገባ። ሮቦቱ እዚያ የተሳካለት በምክንያት ነው። የመኪናው አካል በየደቂቃው አንድ ዓይነት ሆኖ፣ አንድ ቦታ ላይ ታስሮ ይመጣለታል። ልኩ ከተነገረው ሳይደክም ያንኑ ነጥብ ሺህ ጊዜ ይበይዳል። አሁን የመጣው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ ዓይን ጨመረለት። በካሜራ የመጋጠሚያውን መስመር እየተከተለ እጁን ያስተካክላል፤ የተበየደውንም እያየ ጉድለቱን ይለያል።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥራ መጥፋት የሚነገረው ቁጥር እንደ አቆጣጠሩ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለት የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ከአሜሪካ የሥራ መደቦች 47 በመቶው ለከፍተኛ አደጋ የተጋለጡ ናቸው አሉ። በ2016 ሌሎች ተመራማሪዎች የበለጸጉ አገሮችን አይተው በአማካይ 9 በመቶ ብቻ ነው አሉ። የፊተኞቹ ሙያውን እንዳለ በጅምላ ቆጠሩት። የኋለኞቹ አንድ ሠራተኛ በቀን ውስጥ የሚሠራቸውን ልዩ ልዩ ተግባራት ዘርዝረው ቆጠሩ። እኛ የሂሳብ ሰዎች ይህን እናውቀዋለን፤ በጅምላ ኪሳራ የሚመስል ሂሳብ ሲዘረዘር ሌላ መልክ ይኖረዋል።

እንግዲህ የደባርቁን በያጅ ሥራ እንዘርዝረው። ሰው ቤት ሄዶ የበሩን ቦታ ይለካል፤ ግድግዳው የተጣመመ ከሆነ ለጠማማው የሚስማማ ልክ ያወጣል። ላሜራና ቱቦላሬ ይመርጣል፣ ዋጋ ይነጋገራል፣ ይቆርጣል፣ ይበይዳል፣ ይሞርዳል፣ ቀለም ይቀባል፣ ወስዶ ይገጥማል። በማግስቱ ሊማሊሞን ሲወጣ ሻንሲው የተሰነጠቀ የጭነት መኪና ይመጣበታል። ከዚያ የወፍጮ ቤት ብረት፣ የጋሪ መንኰራኩር፣ የባጃጅ ወንበር ይከተላል። አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። አንድ ዓይነት ዕቃ ለሚፈልግ ሮቦት ይህ ገበያ አይመቸውም፤ ለጥቂት በርም ያን ያህል ውድ መሣሪያ የሚገዛ የለም።

ይሁንና ተኝተን እንደር ማለታችን አይደለም። ሮቦቱ ደባርቅ ሳይገባ ሥራውን ከሩቅ ሊወስድ ይችላል። በፋብሪካ አልቆ የሚመጣ አልጋ፣ ወንበርና የበር ፍሬም ከበያጁ እጅ የወጣ ሥራ ነው። ድሮ በእጅ ይቆረጥ የነበረውን የበር ጌጥ በትልልቅ ከተሞች በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ይሠራዋል። ማሽኑም ተለውጧል። በመዳብ ጥቅል የተሞላው ከባዱ ቀርቶ በትከሻ የሚንጠለጠለው ኢንቬርተር መጥቷል፤ ኤሌክትሮዱ እንዳይጣበቅ ራሱ ያግዛል። ለጀማሪ መልካም ነው። ግን ለአንዱ ከቀለለ ለሁሉም ቀልሏልና፣ ማሽን መያዝ ብቻውን ሙያ መሆኑ ቀርቷል።

ይበልጥ የሚያሳስበን ሦስተኛው ማመልከቻ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ቁልፍ ተጭኖ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚያስበይድ ኦፕሬተር፣ ሮቦት የሚመቸውን ሥራ ነው የያዘው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ምርታማነትን ለማሳደግ አዲስ ቴክኖሎጂ ማስገባትን በማስጠንቀቂያ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አድርጎ ይቀበላል። የሥራ ስንብት ክፍያም አለው፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ሲሶው ይጨመራል። ነገር ግን ይህን ለመጠየቅ መቀጠሩን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ልጆቻችሁን ስትሸኙ ከስንቁ ጋር አንድ ምክር ስጧቸው፤ የውል ወረቀታቸውን ቅጂ ይያዙ።

አሁን ወደ ገንዘባችን እንመለስ። ለምሳሌ በሁለት ዓመት የሚመለስ 48,000 ብር ብንሰጥ፣ ወለዱን ሳንጨምር በወር 2,000 ብር ይከፈላል። መብራት ጠፍቶ ሥራ ቢቆምም ወሩ አይቆምም። ይህን የሚከፍለው ማሽኑ ሳይሆን የልጁ ሙያ ነው። ስለዚህ ኮሚቴያችን የሚከተለውን ያቀርባል።

ለመጀመሪያው አመልካች ብድሩ ይሰጥ። ቅድሚያ ግን የሙያ ብቃት ምዘናውን ይለፍ፣ የገቢና ወጪ መዝገብ ይያዝ። በር በመሥራት ብቻ ሳይሆን በጥገናም ገቢ እንዳለው ያሳየን፤ ከሩቅ ተሠርቶ የሚመጣ ዕቃ የማይወስድበት ጥገናውን ነውና።

ለሦስተኛው አመልካች መሄጃው ከመሰጠቱ በፊት የሥልጠና ወጪው ይሸፈን። ንድፍ ማንበብ፣ ማሽን ልክ ማስያዝና የተበየደውን መመርመር ከተማረ፣ ሮቦት የገባ ዕለት ሮቦቱን ከሚያዙት ወገን የመሆን ዕድል ይኖረዋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

ለሁለተኛዋ፣ ለተማሪዋ ልጃችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ይሰጥ። "ሴት ልጅ ከብረት ጋር ምን አላት? ዓይኗ ይጠፋል" ሲባል ሰምተናል። የብየዳ ብርሃን ጭምብል ያላደረገን ሁሉ ይጎዳል፤ ወንድ ሴት አይለይም። ስለዚህ ጭምብሉና ጓንቱ በብድሩ ውስጥ ይካተቱ። ደግሞም ብረት የሚቀጠቅጠውን ባለእጅ እየናቅን፣ ማረሻችንን ግን እሱ ዘንድ ስናሠራ የኖርን ሰዎች ነን። ያ ንቀት ስንት ሙያ ከአገራችን እንዳስቀረ እናስበው። ማሽን ከሚወስድብን በፊት እኛው በገዛ አፋችን ከልጃችን እጅ አንውሰደው።

የቀረበው ይህ ነው፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው፣ ውሳኔውም የእናንተ። እጅ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ያልገባችሁን ጠይቁን፤ መዝገቡ እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል።