የርዳታ ሥራ ለማን ይቈጠራል?



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ የርዳታ ማኅበራት የጋራ ሥራቸውን ቈጥረው የሚያስታውቁበት መንገድ ነው። በ1911 ዓ.ም. የአምስት አገሮች ማኅበራት ያቋቋሙት የቀይ መስቀል ማኅበራት ኅብረት ዛሬ 190 ያህል ብሔራዊ ማኅበራትን ይዟል፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልም አንዱ ነው። ኅብረቱ ከየማኅበሩ የበጎ ፈቃደኞችን፥ የቅርንጫፎችን፥ የገቢና የወጪን፥ የተረዱትንም ሰዎች ቍጥር በየዓመቱ ይሰበስባል።

መደመር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንዲት እናት ከአንዱ ክፍል ስንዴ፥ ከሌላው ውሃ፥ ከሦስተኛው ብርድ ልብስ ብትቀበል፥ መዝገቦቹ ሲደመሩ ሦስት ሰው ትሆናለች። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ የምትኖረው እኅቷ ደግሞ ከአንዱም መዝገብ አትገባም። ድምሩን ለሚያነብ ግን ሁለቱም የተረዱ ይመስለዋል።

ስለዚህ «የተረዳ ሰው» ማለት ምን እንደ ሆነ ሁሉም አስቀድሞ ይስማማ፤ ሰውና አገልግሎት ለየብቻ ይቈጠሩ፤ ድምሩም ወደ ቈጠሩት ቅርንጫፎች ተመልሶ የጐደለውን ያሳይ እንላለን። ቍጥር ለለጋሽ ማሳያ ብቻ ከሆነ ረኀብን ይሸፍናል።

ነገ ከዚህ ግቢ ወጥተን መዝገቡን የምንይዘው እኛው ነን። ከማብዛት ይልቅ በትክክል መጻፍን ከአሁኑ እንልመድ።