ስለ ዛኔሌ ሙሆሊ ፎቶግራፎች



ሙሆሊ «እሱ»ም «እሷ»ም መባልን አልመረጡም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በዚህ ሲቸገሩ አያለሁ፤ የኛ «እርሳቸው» ግን ወንድና ሴት ስለማይለይ ሳልጨነቅ እናገራለሁ። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1972 በደርባን አጠገብ በኡምላዚ ተወለዱ። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት በ1996 በፍቅር ዝንባሌ ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግ ደነገገ፤ በየሰፈሩ ግን ድብደባውና ግድያው አልቀረም። ስለዚህ ሙሆሊ በ2006 እነዚህን ሰዎች በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመሩ። ከ500 በላይ ሆነዋል፤ እያንዳንዱ ከነስሙ፣ ከነቦታው፣ ከነዓመቱ። በትርዒቱ ግድግዳ ላይ አንዳንድ ስፍራ ባዶ ይተዋል፤ ዛሬ ለሌሉት፣ ገና ላልተነሡትም።

በ2009 በጆሃንስበርግ ትርዒት ላይ የጊዜው የኪነ ጥበብና የባህል ሚኒስትር ሥራውን «ከሥነ ምግባር ውጭ» ብለው ትተው ወጡ። ያዩት ሴቶች ራቁታቸውን ተቃቅፈው ነው። ራቁት ገላማ በአውሮፓ ሥዕል ሞልቷል! ነገር ግን እዚያ ሴቲቱ የምትተኛው ለተመልካቹ ነው፤ እዚህ ግን ሁለቱ እርስ በርስ ይፈላለጋሉ እንጂ ተመልካቹን የሚፈልገው የለም። እኔ እንደሚመስለኝ የሚያስቆጣው ይኸው ነው።

ከ2012 ወዲህ ሙሆሊ ራሳቸውንም ያነሣሉ። በነጮች ቤት ሠራተኛ ሆነው የኖሩትን እናታቸውን ለማስታወስ በ2015 የልብስ መቆንጠጫ እንደ ዘውድ ደፍተው፣ እንደ ጉትቻም አንጠልጥለው ተነሡ። ሲታተምም ቆዳቸው ይበልጥ እንዲጠቁር አደረጉ።

አሁን ጥያቄያችሁን እሰማለሁ።