ስለ ልብ ምት መዛባት
በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



እኛ የማኅበሩ የጤና ኮሚቴ አባላት ይህን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ደኅና የዋለ ሰው ድንገት አፉ ሲጣመምና እጁ ሲዝል «መጋኛ መታው» ብለን ጠበል ወይም ቅጠል ፍለጋ እንሮጣለን። ጠበሉን የሚነቅፍ የለም፤ ነገር ግን ሰዓቱ ያልፋል።

ልብ አራት ክፍሎች አሏት። ሁለቱ የላይኞቹ ደም ተቀብለው ወደ ታችኞቹ ይገፋሉ። ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በሚሉት ሕመም ግን የላይኞቹ መግፋቱን ትተው እንዲያው ይርገበገባሉ። ያን ጊዜ ደም እዚያው ይተኛል፤ የተኛ ደም ደግሞ ይረጋል። የረጋው ቁራጭ ተነሥቶ የአንጎልን የደም ሥር ሲደፍን ስትሮክ ይሆናል። አንዳንዱ በሽተኛ ልቡ ድው ድው ሲል ይሰማዋል፣ አቀበት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። አንዳንዱ ግን ምንም አይሰማውም።

እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ወደ 60 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ይህ ሕመም እንደ ነበረባቸው ተገምቷል። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ከ1948 ጀምሮ ነዋሪዎችን ሲከታተል የቆየው ጥናት በ1978 እንዳስታወቀው ሕመሙ ያለበት ሰው በስትሮክ የመመታት ዕድሉ 5 እጥፍ ነው፤ መነሻው የሩማቲክ የልብ ሕመም ከሆነ ግን 17 እጥፍ። እኛን በይበልጥ የሚመለከተን ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው። በበለጸጉት አገሮች ሕመሙ በአብዛኛው የሽማግሌዎች ነው። በእኛ አገር ግን ገና ልጅ ያላሳደጉ ወጣቶችንም ይይዛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ዕድሜው ከ5 እስከ 15 ዓመት የሆነ ልጅ ቶንሲል ታሞ ሳይታከም ሲቀር ሰውነቱ ከባክቴሪያው ጋር ሲታገል የራሱን መገጣጠሚያና የልቡን ቫልቭ ይጎዳል። ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት የሚዘዋወር ቁርጥማት አንዱ ምልክት ነውና «እድገት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ጉሮሮው ከታመመ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተጀመረለት የልቡ ጣጣ ሊቀር ይችላል። ታዲያ ክኒን ከታዘዘለት ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን በረደ ተብሎ አይቋረጥም። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ይህን በሽታ አይከላከልም፤ የሚያተርፈው መድማትና ማመርቀዝ ነው።

ልቡ አንዴ የተነካ ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለብዙ ዓመታት ይወጋል። መርፌው እንደሚያም አንክድም! እናት ስታየው ትራራለች፣ «ዘንድሮ ደኅና ነው፣ ይረፍ» ትላለች። ደኅና የሆነው ግን በመርፌው ነው።

አዋቂዎች ደግሞ የደም ግፊታችንን እንለካ። ከፍ ያለ ግፊት፣ ውፍረት፣ ስኳርና መጠጥ ማብዛት የልብን ምት ያዛባሉ። ለበዓል ተብሎ የሚወሰደው አረቄ ብቻውን ምቱን ሊያስት ይችላል።

ምቱ ለተዛባበት ሐኪሙ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ያዝዝ ይሆናል። ይህ መድኃኒት በደም ምርመራ ካልተጠበቀ ያደማል ወይም ሥራውን አይሠራም። ጎመን ክልክል አይደለም፤ መጠኑ ግን አንድ ሳምንት ብዙ፣ አንድ ሳምንት ባዶ አይሁን። የቁርጥማት ማስታገሻ ክኒን ከሱቅ ገዝቶ መደረብ አደገኛ ነው። ማርገዝ የምታስብ እኅት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር፤ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላልና። አንዳንዶቻችን ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ምርመራ አያስፈልገውም» ብሎ የላከውን አዲስ ክኒን በዋርፋሪን ፈንታ እንውጥ ይሆናል። በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ልብ ሕመምተኞች የተሳተፉበትና በ2022 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ለእነዚህ ሰዎች ነባሩ ዓይነት ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን ይሻላል፤ የሞተውም ሰው ያነሰ ነበር። ስለዚህ ሐኪም ሳያውቅ አትቀይሩ።

አንድ ሰው ፊቱ ሲጣመም፣ አንድ እጁ ሲዝል ወይም ንግግሩ ሲኮላተፍ ካያችሁ ምግብም ውኃም አታቅምሱት። የጀመረበትን ሰዓት ጽፋችሁ፣ የሚወስደውን መድኃኒት ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል አድርሱት።

ምቱን ለማየት ሁለት ጣት ከአውራ ጣት ግርጌ አንጓ ላይ አሳርፎ አንድ ደቂቃ መቁጠር ነው። እንደ ሰካራም እርምጃ የሚወላገድ ምት ያገኘ ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። የደም ግፊት መለኪያው በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ ስትመጡ መጀመሪያ ትንሽ ዐረፍ በሉ፣ ቡናም ጠጥታችሁ ወዲያው አትምጡ።