በአንድ ጣራ ሥር አብሮ ስለ ማደር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት፣ በምዕራፍ 6፣ ስለ ተማሪዎች ማደሪያ የተጻፈ ታሪክ እናገኛለን። የነቢያት ልጆች ከመምህራቸው ከኤልሳዕ ጋር የሚኖሩበት ቤት ጠበባቸው፤ ስለዚህ ወደ ዮርዳኖስ ወርደው፣ እያንዳንዳቸው አንዳንድ እንጨት ቆርጠው፣ ሌላ ማደሪያ ሊሠሩ አሰቡ። መምህራቸውንም አስፈቀዱት፤ አብሯቸውም እንዲወርድ ለመኑት። በዚያም እንጨት ሲቆርጡ የአንደኛው የመጥረቢያ ብረት ወልቆ ከወንዙ ገባ። ልጁም አምርሮ ጮኸ። የጮኸው ብረቱ ስለ ጠፋ ብቻ አይደለም፤ ብረቱ የውሰት ስለ ነበረ ነው እንጂ። ኤልሳዕም እንጨት ቆርጦ በወደቀበት ስፍራ ጣለ፤ ብረቱም በተአምራት ተንሳፈፈ፤ ልጁም እጁን ዘርግቶ ወሰደው።

ይህን ታሪክ ያለ ምክንያት አላነሣንም። ከደባርቅና ከዳባት፣ ከስሜን ተራሮች ግርጌ ካሉትም መንደሮች፣ ልጆቻችን የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፈው ወደ ተመደቡበት ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ፤ የሌላውም አገር ልጆች ወደ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ይመጣሉ። በመምህሩ ፊት ከሚቀመጡበት ሰዓት ይልቅ እነርሱ ዶርም በሚሉት ማደሪያ የሚያሳልፉት ሰዓት ይበልጣል። እኛም ልጆቻችንን ስንሸኝ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን እናስባለን፤ ስለ ትምህርቱም እንመክራለን። ከማያውቁት ሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር እንዴት እንደሚያድሩ ግን የምንነግራቸው ጥቂት ነው።

ተማሪ ከቤቱ ርቆ ማደሩ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከመከፈቱ ከብዙ ዘመን በፊት፣ የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጃፉ ይቆም ነበር። አቋቋም ሊማር ወደ ጎንደር በአታ የወረደው ተማሪ አባትና እናቱን ትቶ ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ በተቀለሰች ጎጆ ያድር ነበር። የለመነውንም ቁራሽ ከባልንጀሮቹ ጋር ይካፈል ነበር። ያ ቁራሽ የማን ነበረ? የማያውቃት ባልቴት ከመሶቧ ያወጣችው ነበረ። ስለዚህ ተማሪ ከጥንት ጀምሮ በውሰት የሚኖር ሰው ነው።

ዛሬም ቢሆን ነገሩ ከዚህ አልተለየም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠራው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው ከወጪው ድርሻውን ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል፤ የቀረውን የሚሸከመው ግን ግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው። አልጋውም ትናንት ሌላ ሰው ተኝቶበታል፤ ነገም ሌላ ይተኛበታል። እንግዲህ መብራቱን ሳያጠፋ የሚወጣ፣ ቧንቧውን ከፍቶ የሚተው፣ ሎከሩን የሚሰብር ተማሪ፣ መጥረቢያው ከወንዝ ወድቆበት ያልጮኸ ሰው ነው። የኤልሳዕን ደቀ መዝሙር የምናመሰግነው ብረቱ ስላልጠፋበት አይደለም፤ የሰው ንብረት መሆኑን ስላልረሳ ነው።

ነገር ግን፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ከአልጋውና ከእንጀራው የሚበልጥ ሌላ አደራ አለ፤ ይኸውም በአጠገባችን የሚተኛው ሰው ነው።

ከስሜን ተራሮች ላይ ጊች የምትባል መንደር ነበረች። ሰዎቿ በዚያ ብርድ ገብስ እያረሱ፣ ከብት እያረቡ ይኖሩ ነበር፤ አብዛኞቹም ሙስሊሞች ነበሩ። የስሜን ተራሮች ፓርክ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ከዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር፤ በ1996 ግን አደጋ ካጠላባቸው ቅርሶች ጋር ተጻፈ። በኋላም የጊች ሰዎች ከአባቶቻቸው ስፍራ ተነሥተው ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ ይህም በ2016፣ በእኛ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ተፈጸመ። በሚከተለው ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዋልያው የሚሰማራበት ሣር ይሰፋ ዘንድ ሰዎች ቤታቸውን ለቀቁ። የለመዱትን ደጃፍ ትቶ ከማያውቁት ጎረቤት ጋር መኖር ምን ያህል እንደሚከብድ ከእነርሱ ይልቅ የሚያውቅ ማን ነው?

አሁን ከእነዚህ ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ እንበል። በተደራራቢው አልጋ ላይ እርሱ ከላይ፣ የእኛ ልጅ ከታች ተመደቡ። አንዱ ለሱብሒ ሰላት ይነሣል፤ ሌላው ለኪዳን ጸሎት ይነሣል። አንዱ በረመዳን፣ ሌላው በዐቢይ ጾም ይጾማል። የእኛ ልጅ ምን ያድርግ? ሃይማኖቱን ይደብቅ አንልም፤ ሃይማኖትም ይቀላቀል ማለታችን አይደለም። ዳንኤል በባቢሎን ቤተ መንግሥት ከንጉሡ ማዕድ ላለመብላት በልቡ ቈረጠ፤ ሆኖም ከሹሙ ጋር አልተጣላም፤ የ10 ቀን ፈተና በትሕትና ለመነው እንጂ። የእኛም ልጅ በማዕተቡ ጸንቶ፣ ጓደኛው ሲጸልይ ድምፁን ዝቅ ያድርግ፤ ሲታመም ወደ ክሊኒክ ይውሰደው። ጌታችን ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ለጠየቀው የሕግ ዐዋቂ የሳምራዊውን ምሳሌ የነገረው፣ ባልንጀራችንን መርጠን እንድንወድ አይደለም።

ይህ ትምህርት ሲረሳ የሚመጣውን አይተናል። በ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ወራት በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በተነሣ ጠብ ሁለት ተማሪዎች ሞቱ፤ ሁከቱም ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ። ብዙ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በአንድ ማዕድ የበሉ ልጆች በቋንቋቸው ተቈጣጥረው ተፈራሩ። የሞቱት እናት ነበራቸው፤ እናቲቱም ልጇን ስትሸኝ በሶ ቋጥራ ነበር። ያን የመሰለ ብረት ከወንዝ ሲገባ ማን መልሶ ያንሳፍፈዋል?

ስለዚህ ከቅዱሳን አባቶቻችን እንማር። ቅዱስ ባስልዮስና ነባቤ መለኮት ጎርጎርዮስ በወጣትነታቸው በአቴና ከተማ አብረው ተማሩ። በዚያ ነባሮቹ ተማሪዎች አዲስ መጪውን ከበው የሚያሾፉበትና የሚያዋርዱበት ልማድ ነበር። ጎርጎርዮስ ቀድሞ ገብቶ ነበርና ባስልዮስ ሲመጣ ባልንጀሮቹን መክሮ ከዚህ ውርደት አዳነው። ከዚያም አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ፣ አንድ አሳብ ሆኑ፤ የሚያውቁትም መንገድ ሁለት ብቻ ነበር፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውና ወደ መምህራን የሚወስደው። ቤተ ክርስቲያን ሁለት ታላላቅ መምህራንን ያገኘችበት ወዳጅነት፣ አንድ ነባር ተማሪ ለአንድ ፍሬሽ በራራበት ቀን ጸና።

እናንተ ተማሪዎች፤ በገባችሁበት ማደሪያ አንዳንድ ምሰሶ አቁሙ። አንዱ ክፍሉን ይጥረግ፤ አንዱ ለደከመው ማስታወሻውን ያውስ፤ አንዱ የተጣሉትን ያስታርቅ። የነቢያት ልጆች መምህራቸውን ከእኛ ጋር ውረድ እንዳሉት፣ እናንተም ከንስሐ አባታችሁና ከግቢ ጉባኤያችሁ አትለዩ።

እናንተም ወላጆች፤ የስልካችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ውጤት ብቻ አይሁን። አብሮህ የሚተኛው ማን ይባላል? እናቱስ ደኅና ናት? ብላችሁ ጠይቁ። የጓደኛውን ስም የማያውቅ ልጅ ካላችሁ ገና ማደሪያ አልገባም።

እናንተም የደባርቅና የዳባት ሰዎች፤ ከቆላ የመጣ ልጅ በስሳ ልብስ በብርዳችሁ ሲንቀጠቀጥ ብታዩ፣ ጋቢ ደርቡለት፤ በበዓል ቀን ለቡና ጥሩት። ልጃችሁ በሩቅ አገር በሌላ እናት ደጃፍ ያልፋልና፣ ልጅዋን እንዳከበራችሁ ልጃችሁን ታከብርላችሁ ዘንድ ተስፋ አድርጉ።

ለነቢያት ልጆች የጠበበውን ማደሪያ ያሰፋ እግዚአብሔር የልጆቻችንን ልብ ያስፋልን። ሂደው በሰላም እንዲመለሱ፣ የተዋሱትንም አደራ ሳይጎድል እንዲመልሱ ይርዳቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።