የጋራ ኮምፒዩተር ባለቤቱ ማን ይሁን?



ልንናገር የተነሣነው ብዙዎች በሚጠቀሙበት የማክ ኮምፒዩተር ላይ ፕሮግራም ስለሚጭነውና ስለሚያድሰው ስለ ሆምብሩ ነው። ይህን መሣሪያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. የጀመረው ማክስ ሃውል ነው፤ በነጻም ይገኛል።

ችግሩ ከባለቤትነት ይነሣል። ሆምብሩ የሚጭናቸው ፋይሎች በጫነው ተጠቃሚ ስም ይሆናሉ። ሌላው ተማሪ ፕሮግራሙን ሊያስኬድ ይችላል፤ ላድስ ቢል ግን ፈቃድ የለህም ይባላል። ጫኙ ተመርቆ ከሄደማ እድሳቱ ይቆማል፤ ቀዳዳው የታወቀ ፕሮግራም እንዳለ ይቀራል።

አንዳንዶች ፎልደሩን ለሁሉ እንክፈተው ይላሉ። ነገር ግን ሁሉ በሚጽፍበት ቦታ አንዱ ክፉ ፕሮግራም ቢያኖር፣ ሌላው ሳያውቅ ያስኬደዋል። ሩት በተባለው የበላይ ሥልጣን እናሠራው ቢባልም ሆምብሩ ራሱ እምቢ ይላል።

እኛ የምንለው እንዲህ ነው። ለሆምብሩ ብቻ የሚሆን አንድ የተጠቃሚ አካውንት ይከፈት፤ ፎልደሩም በዚሁ ስም ይሁን። የተመረጡ ጥቂት ታማኞች ሱዶ በተባለው ትእዛዝ፣ እያንዳንዳቸው በገዛ የይለፍ ቃላቸው፣ በዚያ አካውንት ስም ይጫኑ፣ ያድሱ። ይህ ፈቃድ ሱዶርስ በሚባለው ፋይል ይጻፍ፤ ከሆምብሩም ትእዛዝ አይለፍ። የቀሩት ሁሉ በተጫነው ይጠቀሙ።

እንዲህ ከሆነ አንዱ ሲመረቅ ስሙ ከዝርዝሩ ይሠረዛል፣ የተተኪው ይጻፋል፤ ከተጫኑት ፋይሎች ግን አንዱንም መንካት አያስፈልግም።