ሞተሩ ገባ፤ ፍሪሲዮኑስ?

(በተመራቂዎች ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራህ ተናገር» ሲሉኝ ስለ መሥሪያ ቤቴ ማለታቸው እንደነበር ይገባኛል። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜና እሑዴን ስለ በላው ሥራ ብነግራችሁ ይሻላል። እንግሊዝ አገር አብሮኝ የሚኖር አንድ የክፍላችን ልጅ በ1972 የተሠራች ኤምጂቢ ጂቲ አለችው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ግራ ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት በተኛበት ወቅት፣ ጋራዥ የቆመችው መኪና ውስጥ የነበረው ውሃ በረዶ ሆነና የሞተሩን ብሎክ ሰነጠቀው። ሐኪሙ ደግሞ ግራ እግሩን እንዳያደክም አስጠንቅቆታል። ከባድ ፍሪሲዮን መርገጥ ካቃተው መኪናዋ መሸጧ ነው።

በመጀመሪያ የተከራከርነው በሞተሩ ላይ ነበር። የአሮጌ መኪና ወዳጆች «ኦርጅናሉ ካልሆነ» ይላሉ፤ አከብራቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ይህ ቅየራ ባዕድ ነገር አይደለም። ፋብሪካው ራሱ ከ1973 እስከ 1976 የሮቨርን 3.5 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር እየገጠመ 2,591 መኪናዎች ሠርቷል። ሞተሩ በትውልዱ አሜሪካዊ፣ የቡዊክ ነው። አሉሚኒየም ስለሆነ ክብደቱ ከቀድሞው 1.8 ሊትር የብረት ሞተር እምብዛም አይበልጥም፤ ስለዚህ የመኪናዋ አፍንጫ አይደፋም። የሮቨር ሞተርና ባለ አምስት ማርሽ የሮቨር ካምቢዮ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ገዛን። የጭስ መውጫው ከመሪው ዘንግ ጋር ተጋፋ፣ ወለሉም ለካምቢዮው ተመትቶ ሰፋ፤ ይህን በብየዳና በትዕግሥት ጨረስነው።

እውነተኛው ሥራ የመጣው በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ነው። የቀድሞው ሞተር ከፍተኛ ቶርክ 149 ኒውተን ሜትር ገደማ ነበር፤ የአዲሱ 262 ነው። የድሮው ባለ 8 ኢንች ዲስክ ይህን አይችለውም፣ ይንሸራተታል። ባለ 9.5 ኢንቹን ስንወስድ መምህሮቻችን ያስተማሩንን ቀመር አወጣሁ። 30 በመቶ መጠባበቂያ ስንጨምር 340 ኒውተን ሜትር እንፈልጋለን። የሸራው ሰበቃ 0.3፣ ገጾቹ ሁለት፣ አማካይ ራዲየሱ 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ዲስኩን የሚጨምቀው ኃይል 5,700 ኒውተን ገደማ መሆን አለበት። ጠንካራ ስፕሪንግ ማለት ነው። ጠንካራ ስፕሪንግ ደግሞ ጠንካራ ፔዳል ነው።

ወደ ፔዳሉ ከመሄዳችን በፊት ግን ብዙ ሰው የሚዘለውን ነገር ለካን። የፍሪሲዮኑ ቤት መሃል ከክራንኩ መሃል ጋር ይገጥማል ወይ? ዳያል ጌጁን ቮላኖው ላይ አስረን አንድ ዙር ስናዞረው 0.3 ሚሊ ሜትር አነበበ። ከ0.13 ባያልፍ ይመረጣል። ንባቡ የመዛነፉ እጥፍ ስለሆነ ቤቱ 0.15 ብቻ ነው የሳተው፤ ከፀጉር ብዙም አይወፍርም። ቢሆንም በዚያው ከተተወ የካምቢዮውን የፊት ኩሽኔታ ይበላል፣ የዲስኩንም መሃል ያደክማል። መሃላቸው ዘወር ያለ ፒኖች አስገብተን አስተካከልነው።

አሁን ወደ ግራ እግሩ። ፔዳሉን በመስቀያ ሚዛን ስንስበው 18 ኪሎ አለ። ጓደኛዬ ሦስት ጊዜ ረግጦ ዝም አለ። የላይኛው ፖምፓ 19 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በ16 ቀየርነው። ስፋቱ በዲያሜትሩ ካሬ ስለሚሄድ ክብደቱ ወደ 13 ኪሎ ወረደ። ግን ፊዚክስ በነፃ አይሰጥም፤ የመልቀቂያው ኩሽኔታ ጉዞም በዚያው ልክ ከ11 ወደ 8 ሚሊ ሜትር ግድም አጠረ። ዲስኩ በደንብ እንዲለቅ የሚፈልገው 7 ነው። የቀረን አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ ፍሪሲዮኑ አይለቅም፣ ማርሹ ይጮሃል።

እዚህ ላይ ሶማሌ ተራን ማመስገን አለብኝ። በተማሪነታችን እዚያ ያሉ መካኒኮች ከምንም በፊት ፔዳሉን በእጃቸው እየነቀነቁ ላላ ያለ ነገር ሲፈልጉ እናይ ነበር። ማሽን ኤለመንት ክፍል ውስጥ ግን ስለ ላላ ፒን የነገረን አልነበረም፤ መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝ፣ ቀመሩ ሁሉም ፒን ጠባብ ነው ብሎ ነው የሚጀምረው። የኛ ፒን በሃምሳ ዓመት አገልግሎት ተበልቶ፣ ቀዳዳውም ሞላላ ሆኖ ነበር። በብየዳ ሞልተን እንደገና በሳነው፤ ፒኑን ቶርኖ ላይ አዲስ አወጣን። የጠፋው ጉዞ ተመለሰ።

ባለፈው ወር ጓደኛዬ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ግማሹን በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ፣ ራሱ ነዳ። ማታ ጉልበቱ አላበጠም። የኋላው ዲፈረንሻል ገና ይቀረናል፤ የአሁኑ ጥምርታ 3.9 ነው፣ የፋብሪካው ባለ ስምንት ሲሊንደር 3.07 ነበር።

አሮጌውን ዲስክ፣ አዲሱን መሰል ዲስክና የተበላውን ፒን ይዤ መጥቻለሁ፤ ለወርክሾፑ ነው። ካሊፐርም አለ። ከሻይ በኋላ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ተማሪዎች ቀድመው ይለኩ።